ሁለት አሥር የከፈለው ሰው

ከሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቁማር ቤቱ በስተጀርባ፣ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋን ሃያ አራት ስክሪኖች ሞልተውታል፤ ከስክሪኖቹ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች ተጎልተው የሌላ ሰው እጅ ሲመለከቱ ይውላሉ። ከሁለቱ አንዱን ባልደረቦቹ ጉጉት ይሉታል። ስሙ የወጣለት ዓይኖቹ ትልልቅ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወንበሩ ላይ ሲያንጎላጅ ተገኝቶ ስለማያውቅ ነው። «እውነተኛው ጉጉት እንኳ ቀን ቀን ይተኛል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

እህቱ ይህን ሥራውን አታውቅም። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ በልብስ ስፌት አሳድጋ ለቁም ነገር ያበቃችው እሷ ናት፤ ቁማር የሚባል ነገር ስሙ ሲነሳ ገና ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ «የሆቴል ጥበቃ ነኝ» ብሏት ነገሩ በዚያው ቀረ። ውሸት አልነበረም፤ እሷ ግን በር ላይ ቆሞ መኪና የሚያስገባና የሚያስወጣ ነበር የሚመስላት።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያረፈ አንድ እጅ ዓይኑን ያዘው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ብላክጃክ ነው። ተጫዋቹ ካርዶቹ ተደምረው ከሃያ አንድ ሳያልፉበት ካርታ አዳይዋን መብለጥ አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ካርድ የደረሰው ሰው፣ ካሻው ጥንዱን ከፍሎ፣ መጀመሪያ ያስያዘውን ያህል ገንዘብ ደግሞ ጨምሮ፣ እንደ ሁለት ሰው ሊጫወት ይችላል። ጭንቁ መቼ ይከፈላል የሚለው ነው። ሁለት ስምንት ሁልጊዜ ይከፈላል፤ አሥራ ስድስት ይዞ መቀመጥ እሾህ ላይ መቀመጥ ነውና። ሁለት አምስት አይከፈልም። ሁለት አሥር ግን ጭራሽ አይነካም። ሃያ የያዘ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል እንጂ የቆመ ቤቱን አፍርሶ ሁለት ጎጆ አይቀልስም።

ያ እጅ ግን ሁለት አሥሮቹን በጣቱ ገፋ አድርጎ ለያያቸው። ከዚያ ሌላ ገንዘብ ጨመረ።

ካሜራው ከጣራ ቁልቁል ስለሚያይ የሰውዬው ፊት አይታይም። መሐል አናቱ ላይ ሳሳ ያለ ፀጉር፣ ግራጫ ኮት፣ የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭ ብናኝ። ጉጉት ምስሉን አቀረበው። ብናኙ ጠመኔ ነው። ሰውዬው ካርዱ እስኪመጣ ጠረጴዛውን በመሐል ጣቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ቆረቆረ። ያን ቁርቆራ ጉጉት ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ክፍልፋይ ሲያስተምረው፣ መልሱ እስኪመጣለት፣ እራት ጠረጴዛ ላይ እንደዚያው ይቆረቁርለት ነበር።

የእህቱ ባል ነው። ሰፈሩ ሁሉ መምህሩ እያለ የሚጠራው፣ ዳቦ ገዝቶ እንኳ መልሱን ሁለቴ የሚቆጥር፣ ምራቁን የዋጠ የሒሳብ አስተማሪ። ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት ደግሞ የሀብታም ልጆችን ቤታቸው ሄዶ ያስጠናል፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚባለው።

በአንደኛው አሥር ላይ እንደ አሥራ አንድ የሚቆጠረው አስ መጣለት፤ ሃያ አንድ። በሁለተኛው ላይ ዘጠኝ። አዳይዋ ስድስት ይዛ ነበር፤ አሥር ጨመረች፣ ሌላ አሥር ሳበችና አለፈባት። መምህሩ ሁለቱንም አሸነፈ።

ወዲያው አለቃው በሩን ከፍቶ ገባ። ድሮ ራሱ ካርታ ሲያድል የኖረ፣ አሁን ጉልበቱን የሚያመው፣ ቀልዱም ቁጣውም በአንድ ድምፅ የሚወጣ ሰው ነው።

«አራተኛው ላይ አሥር የከፈለ አለ አሉኝ» አለ። «የከፈለ ይከፍላል። ማነው የሚከፍለው፣ እሱ ወይስ እኛ?»

ጥያቄው የዘወትር ነው። ሁለት አሥር የሚከፍል ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ካርታ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ የወጡትን ካርዶች ሁሉ በልቡ ይዞ፣ ካርዶቹ በሚሳቡበት ሣጥን ውስጥ የቀሩት አሥሮች መብዛታቸውን ሲያውቅ ብቻ ነው እንዲህ የሚዳፈረው። ሞኝ ደግሞ ደስ ባለው ጊዜ። ቆጣሪ በጨዋ ደንብ እስከ በር ይሸኝና ፎቶው ከተማው ውስጥ ላሉ ቁማር ቤቶች ሁሉ ይላካል። ሞኝ ወንበር ይሳብለታል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቅጂውን ወደ ኋላ መልሶ፣ የወጡትን ካርዶች አንድ በአንድ መቁጠር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሌላም ደንብ አለ። የሠራተኛ ዘመድ በዚያ ቤት አይጫወትም፤ ዘመዱን ያየ ሠራተኛ በዚያው ዕለት መናገር አለበት። ጉጉት ይህን አሳምሮ ያውቃል። «የእህቴ ባል ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መምህሩ በጥበቃ ተይዞ፣ ተማሪዎቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሲወጣ ታየው። ደግሞ እንደዚያ ያለ ጭንቅላት አሥር የሚከፍለው ሳያውቅ ነው? መምህሩ ቆጣሪ ለመሆኑ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረም። ፎቶው ተበትኖ መሳቂያ ሊሆን ነው።

«ሞኝ ነው» አለ።

«ቆጥረኸዋል?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

አልቆጠረም። አለቃው ግን የጉጉትን ዓይን ከራሱ ዓይን ይልቅ ያምን ስለነበር፣ ወረቀቱ ላይ ሞኝ ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ መምህሩን እንደ ሙሽራ ያዘው። በሁለተኛው ሳምንት አስተናጋጇ ምሳ በነፃ አመጣችለት። በሦስተኛው ከፍ ያለ ገንዘብ ወደሚያስይዙበት ጠረጴዛ ወሰዱት፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ አዳይዋ ፈገግተኛ። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ የነበረው ሰው አራት ቀን መምጣት ጀመረ።

ጉጉትም ከላይ ሆኖ ያየዋል። ሲሸነፍ ሲያይ «እንዳይነቃበት ነው፤ ብልህ ቆጣሪ አልፎ አልፎ ይሸነፋል» ይላል ለራሱ። ደጋግሞ ሲሸነፍ «ትልቁን ቀን እየጠበቀ ነው» ይላል። እንዲያውም በልቡ ይኮራበት ጀመር፤ አለቃውን፣ አዳዮቹን፣ ሃያ አራቱን ስክሪን አንድ የጠመኔ ሰው ሲያታልላቸው!

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ እህቱ ዘንድ ሄደ። እህቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተቀበለችው። የስፌት ክፍሏን ለዓመታት ተከራይታ ኖራ፣ ባለቤቱ አሁን ሊሸጥላት ተስማምቶ ነበርና ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በርቷል።

«በወሩ መጨረሻ ልንፈራረም ነው» አለችው። «መስኮቱን ወደ መንገድ አሰፋዋለሁ። ሦስተኛ የስፌት መኪና አስገባለሁ። የአንተ ጋሼም የዋዛ ሰው አይደለም፤ ከሰዓት ከሰዓት ሲያስጠና እየዋለ ድምፁ ሁሉ ተዘጋ።»

መምህሩ ማዶ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ያርማል። ቀና አላለም።

«ገንዘቡ ያው... ባንክ ነው?» አለ ጉጉት።

«ታዲያ የት ሊሆን ነው? ደብተሩን የያዘው እሱ ነው። እኔ ቁጥር ካየሁ ዓይኔ ይፈዛል፤ ታውቀኝ የለ።»

ጉጉት ዞር አለ። በመምህሩ እጅ ያለው ቀይ እስክሪብቶ አንድ ወረቀት ላይ ቆሞ ሲቀር አየ፤ አያርምም፣ አይነሳም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ እንደገባ የዚያን ማክሰኞ ቅጂ አወጣ። እርሳስ ይዞ፣ ሣጥኑ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የወጣውን እያንዳንዱን ካርድ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ጨርሶ አላምን አለና እንደገና ጀመረ። ያን ዕለት መምህሩ ጥንዱን ሲከፍል አሥሮቹ ቀድመው ወጥተው፣ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው አብዛኛው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነበር። ማንም ቆጣሪ በዚያ ሰዓት አሥር አይከፍልም። የሌሎቹንም ቀናት አየ፤ አሥር ሲበዛም ይከፍላል፣ ሲያንስም ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ስሌት የለም። ሰውዬው ዕድል ቀንቶት ነበር፤ በቃ።

ጉጉት ለማዳን ብሎ የዋሸው ውሸት ለካ እውነት ነበር። የታረደውም በእሱ ቃል ነው። ቆጣሪ ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ይባረርና ገንዘቡ ይተርፍ ነበር።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። መምህሩ የወረቀት ክምር በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ሲያየው ፈገግ አለና ፈገግታው መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሁለት አሥር ለምን ትከፍላለህ?» አለው ጉጉት፣ ሰላም ሳይል።

መምህሩ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። «የት አየኸኝ?»

«ከላይ። ሥራዬ እዚያ ነው። መኪና አይደለም የምጠብቀው።»

ጎን ለጎን መንገድ ጀመሩ። ከዚያ መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ጉሮሮውን ሞረደ። «አየህ፣ አሥር በቡድን ነው የሚመጣው። ሁለት ተከታትለው ከመጡ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። አጥንቼዋለሁ፤ ደብተር አለኝ።»

«ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ለፈተና ነው!» አለ መምህሩ ጮክ ብሎ። የሚያልፉ ልጆች ዞረው አዩት። ራሱም የተናገረውን የሰማው ያኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱ ዳመነ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእህትህ እንዳትነግራት። በወሩ መጨረሻ ሁሉንም ቦታው እመልሳለሁ። ትንሽ ነው የጎደለው» አለ።

«ስንት?»

«ትንሽ ነው አልኩህ።»

«እንግዲያው ዛሬ አትሂድ።»

መምህሩ ወረቀቶቹን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ዛሬ አልሄድም» አለ። በዘጠኝ ሰዓት ግን፣ ስክሪን ሰባት ላይ፣ ለስላሳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጉጉት ያን ጊዜ ወረቀት አወጣና አዲስ ሪፖርት ጻፈ፤ «ቀደም ሲል ሞኝ የተባለው እንግዳ በድጋሚ ሲመረመር ካርታ ቆጣሪ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል። ይዞት ወደ አለቃው ክፍል ገባ።

አለቃው አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። «ቆጥረኸዋል?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

አለቃው ቅጂውን ከፈተ። እንደ ድሮው፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ጉጉት ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ አለቃው ስክሪኑን አቁሞ ዞረ።

«ይሄ ሰው የራሱን ጣት አይቆጥርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ሞኝ ብለህ የጻፍከውን ወረቀት ዛሬ ልትነጥቀኝ መጣህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር እየቆረጥን ሳለ ደጃፉን የምትዘጋብን ለምንድን ነው?»

«የእህቴ ባል ነው።»

አለቃው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «መቼ አወቅህ?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

«ያን ዕለት ብትነግረኝ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እሱ ይሸኛል፣ አንተ ሻይህን ትጠጣለህ። አሁን ግን ሰውን ደብቀህ፣ ሳትቆጥር ቆጠርኩ ብለህ፣ እንደገና ደግሞ በውሸት ሪፖርት... » ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ስማኝ። ስምንት ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ጆሮዬ ምንም አልሰማም ልል እችላለሁ። ወረቀቷን ቀደድ አድርግና ወደ ወንበርህ ሂድ። ሰውዬው እንደሆነ ሲያልቅበት ራሱ ይቀራል።»

ጉጉት እጁ ላይ ያለችውን ወረቀት አየ። የቤት ኪራዩ ትዝ አለው፤ ከዚህ ወጥቶ ሌላ ሥራ ማን እንደሚሰጠው አሰበ። ወረቀቷን ቀደዳት። አለቃው ፊቱ ፈታ ሲል ግን፣ ጉጉት ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ስቦ ቆሞ መጻፍ ጀመረ፤ ዝምድናውን፣ ቀኑን፣ ዝም ማለቱን። ፈረመበትና አስቀመጠለት።

«አንተም ከሞኞቹ ነህ» አለ አለቃው። የተቆጣ ግን አይመስልም ነበር።

ከሥራው ቢሰናበትም፣ ፈረቃው እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ እንዲቆይ ተፈቀደለት። ስለዚህ አየው። ስክሪን ሰባት ላይ አለቃው ራሱ እያነከሰ መጣ፣ ከኋላው ጥበቃ ተከትሎታል። ድምፅ የለም። አለቃው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጥበቃው እጁን መምህሩ ትከሻ ላይ አሳረፈ። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተከራከረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣራውን፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ተመለከተ። ጉጉት ዓይኑን ሰበረ። መልሶ ሲያይ ሰውዬው ወለሉ ላይ የተበተኑበትን የፈተና ወረቀቶች በጉልበቱ ሆኖ እየሰበሰበ ነበር።

በነጋታው ጠዋት እህቱ በሩን አንኳኳች። መምህሩ ቀድሞ ነግሯት ነበር፤ በራሱ አነጋገር። እያሸነፈ ሳለ የገዛ ወንድሟ ቀንቶ እንዳስባረረው። እሷ ግን እሱን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ባንኩ እንደተከፈተ ደብተሩን ይዛ ሄዳ ነበር የመጣችው።

«ግቢ፣ ተቀመጪ አትበለኝ፤ አልቀመጥም» አለች፣ ወንበር ሲስብላት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ያሰብኩት...»

«መቼ?»

«ከስድስት ሳምንት በፊት።»

እህቱ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አወረደችና ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር። «ከስድስት ሳምንት በፊት ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ነበር። ባንክ ያለችው ልጅ ቀን በቀን አነበበችልኝ።»

«የሚያውቅ መስሎኝ ነው። እሱን የመሰለ ጭንቅላት ያለው ሰው በከንቱ አይጫወትም ብዬ... ላድነው ብዬ ነው።»

«ባሌ ብልህ ይሁን ሞኝ ካንተ መስማት አልፈለግሁም» አለች። «ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሁለቱንም ነው። የት እንደሚውል ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኝ ነበር። የቀረውን እኔ አውቅበት ነበር።»

ሥራውን ስለ እሷ ሲል እንዳጣ ሊነግራት አፉን ከፍቶ፣ እሱም ደግሞ ራስን ማስመስገን ሆነበትና ተወው። እሷ ሜትሯን ጠቅልላ ጨረሰች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ወጣች። በሩን አላላተመችውም። ቢላተም ይሻለው ነበር።

የስፌት ክፍሉን ሌላ ሰው ገዛው። እህቱ ሁለቱን የስፌት መኪናዎቿን ወደ ቤቷ ለማስገባት ተገደደች። ጉጉት ይህን የሰማው ከእሷ አይደለም፤ አብራት የምትሰፋው ሴት መንገድ ላይ አግኝታው፣ «ቅዳሜ መኪናዎቹን የሚያነሳ ሰው ይቸግረናል፤ እሷ ጥሪው አላለችኝም፣ አትጥሪውም አላለችኝም» አለችው። እሱ በዚያ ጊዜ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ ለመቆጣጠር ተቀጥሮ ነበር፤ ደመወዙ የድሮውን ግማሽ አይሞላም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን አስፈቅዶ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄደ።

እህቱ አየችውና «ትልቁን ከዚያ ጎን ያዝ» አለች። በዚህኛው ጎን መምህሩ ቆሟል። ከስቷል፤ ከቁማር ቤቱ ከተባረረ ዕለት ጀምሮ ደመወዙን የምትቀበለው እሷ ነች፤ ከትምህርት ቤት በሰባት ሰዓት ካልተመለሰ በሩ ላይ ወጥታ ትቆማለች ይባላል።

ሁለቱ የብረቱን መኪና አነሱት። ከባድ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ሳይተያዩ፣ ትንፋሻቸውን እየሰሙ ወረዱ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ መምህሩ «አለቃህ ስንወጣ ነገረኝ» አለ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ሞኝ ብለህ ጽፈኸኛል አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቆጥረህ?»

ጉጉት መኪናውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ቆመ። «ሳልቆጥር። ቆጣሪ መስለኸኝ ነበር።»

መምህሩ አንገቱን አቀረቀረ። ያ ነገር ያጽናናው ይሁን ያቆሰለው ከፊቱ ማንበብ አይቻልም ነበር። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ብረቱ ላይ ጠብ አለ።

«ያንተን ጎን ዝቅ አድርገው» አለ በመጨረሻ፤ «በሩ ጠባብ ነው።»